ለቱርቦ ሞተር ኮምፕሬሽን ሬሾ አመራረጥ፦ ከነዳጁ ጀምሮ እስከ ካንዴላው

«ቱርቦ ልገጥም ነው፤ ሬሾውን ስንት ላድርገው?» ይህ ጥያቄ ሰልችቶኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው። ጠያቂው ሁሌ የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው። «8.5 አድርገውና ተኛ» ብዬ ብገላገል በወደድኩ። ግን ያው 8.5 ለአንዱ ሞተር ልክ ሲሆን ሌላውን ያደነዝዘዋል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ፒስተኑን ከመሰንጠቅ አያድነውም። ስለዚህ አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ለጀማሪ በአጭሩ፦ ቱርቦ በጭስ ማውጫው ጭስ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ ነው። ሬሾው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ፒስተኑ ታች ሲደርስ ከላዩ ያለው ቦታ፣ ጫፍ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ስንት እጥፍ ነው? ይህ እጥፍ ነው ኮምፕሬሽን ሬሾ የሚባለው። 9 ለ 1 ካላችሁ ዘጠኙ እጅ ወደ አንድ ተጨምቋል ማለት ነው። ሬሾ ሲጨምር ሞተሩ ከያንዳንዱ ጠብታ ቤንዚን የሚያወጣው ጉልበት ይጨምራል። ቱርቦው ገና አየር ሳይገፋ ባለው ዝቅተኛ ዙር ላይም መኪናው ይነቃል።

ታዲያ ለምን ዝም ብለን አንጨምርም? በኖኪንግ፣ ማለትም በሞተር ማንኳኳት፣ ምክንያት ነው። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) የለኮሰው እሳት ሲሊንደሩን አቋርጦ ጥግ ሳይደርስ፣ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ቱርቦ ሁለቱንም፣ ሙቀቱንም ግፊቱንም፣ ይጨምራል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ከዚህ ፍንዳታ ሳንደርስ የምንችለውን ያህል ሬሾ ማቆየት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

- በሲሲ የተከፋፈለ ቡሬት፤ ከሌለ ትልቅ የሕክምና ስሪንጅ
- ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) የሚሸፍን፣ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ
- ግራሶ (ለማሸግ)
- ቀለም ጠብ ያለበት ቀጭን ፈሳሽ
- ዳያል ጌጅ ከነማቆሚያው፣ ካሊፐር
- ለስላሳ የብየዳ እርሳስ ሽቦ
- የምትገጥሙት ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ከተጠበቀ በኋላ ስንት ውፍረት እንደሚኖረው ከአምራቹ ከተሰጠው መረጃ ጋር
- ወረቀት፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተር

ወረቀቱን የጻፍኩት ለቀልድ አይደለም። በቃል የተያዘ ልኬት ጋራዥ ውስጥ ይጠፋል።

1. መጀመሪያ ነዳጁን ወስኑ

የምትወስኑት በምትመኙት ነዳጅ ሳይሆን፣ መኪናው ሊገጥመው በሚችለው መጥፎ ነዳጅ ነው። ሁሌ 98 ኦክቴን (ነዳጁ ኖኪንግን የሚቋቋምበት ልክ) የምትሞሉ ከሆነና አንድ ቀን ረጅም መንገድ ላይ 91 ብቻ ብታገኙ፣ ሞተሩ የሚፈተነው ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኦክቴን በየአገሩ በአንድ ሚዛን አይጻፍም። ብዙ ቦታ ፓምፑ ላይ ያለው ሮን (RON) የሚባለው ሚዛን ነው። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ደግሞ የሁለት ሚዛኖች አማካይ ይጻፋል፤ እሱም ለዚያው ነዳጅ ከሮኑ በ4 ወይም በ5 ገደማ ያንሳል። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው «በ91 ነው የምነዳው» ቢላችሁ በሮን 95 አካባቢ ነው እያለ ያለው። እዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ በሮን ነው።

2. ቡስታችሁን በፍጹም ግፊት አስሉ

ቡስት ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት ነው። የቡስት ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ግን የሚያየው ድምሩን ነው። በባህር ጠለል አየሩ ራሱ 1 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ጌጁ 0.7 ሲል ሞተሩ 1.7 ባር እየዋጠ ነው። ከባህር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ላይ ግን አየሩ 0.8 ባር ገደማ ነው። ያው 0.7 ቡስት 1.5 ብቻ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፍታ ቦታ ላይ ተስተካክሎ «ምንም አያንኳኳም» የተባለ ሞተር፣ በዚያው የጌጅ ቡስት ቆላ ሲወርድ ሊያንኳኳ ይችላል። ከፍ ዝቅ ባለ አገር የምትነዱ ከሆነ ሬሾውን ለዝቅተኛው ቦታ ምረጡ።

3. ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት ገምቱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው።

ቱርቦ አየሩን ሲጨምቅ ያሞቀዋል። 25 ዲግሪ የነበረ አየር በባህር ጠለል ወደ 0.7 ባር ቡስት ሲገፋ፣ የቱርቦው ብቃት 70 በመቶ ከሆነ፣ 94 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ከጨመረው ሙቀት 70 በመቶውን የሚያወርድ ኢንተርኩለር (አየሩ ሞተር ውስጥ ሳይገባ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር) ካለ ወደ 46 ይመለሳል። ኢንተርኩለር ከሌለ 94ቱ እንዳለ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

አሁን ይህን ከሬሾ ጋር አወዳድሩት። በቀላል ስሌት፣ 57 ዲግሪ ሆኖ የገባ ድብልቅ በ8.5 ሬሾ ሲጨመቅ ወደ 395 ዲግሪ ይደርሳል። ያው 57 ዲግሪ በ10 ሬሾ ቢጨመቅ 430 አካባቢ ይሆናል። ሬሾውን በ1.5 ማውረድ 35 ዲግሪ ገደማ አተረፈ ማለት ነው። አሁን ሬሾውን 10 ላይ ትታችሁ የሚገባውን አየር ወደ 27 ዲግሪ አውርዱት። ውጤቱ 370 ገደማ ነው! ሬሾ ሳትነኩ፣ ከ8.5ቱም የቀዘቀዘ ሆነ።

ግፊቱ ግን እንደዚህ አይወርድም። 10 ሬሾ ከ8.5 ይልቅ በጭመቃው መጨረሻ ላይ ሩብ ያህል የበለጠ ግፊት ይሰጣል፤ ስለዚህ ኢንተርኩለር ሁሉን ይፈታል አላልኩም። ያልኩት፦ ፒስተን ለመቀየር ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት ለኢንተርኩለሩ ገንዘብ አውጡ።

4. ሞተሩ ነዳጅ የሚረጨው የት እንደሆነ ለዩ

ነዳጁ የሚረጨው ከቫልቩ በፊት፣ በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) መግቢያ ከሆነ ጠንቃቃ ሁኑ። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ከሆነ ነዳጁ እዚያው ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ወደ አንድ ሙሉ ነጥብ የሚጠጋ ሬሾ ለመጨመር ፋታ ታገኛላችሁ።

የፋብሪካ ሞተሮችን ብታዩ ይኸው ነው። የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ እና የኒሳን አርቢ26 ሁለቱም በማኒፎልድ የሚረጩ ናቸው፤ ሬሾአቸው 8.5 ነው። በቀጥታ የሚረጨው የቢኤምደብሊው ኤን54 10.2 ላይ ነው፤ ቢ58 ደግሞ 11 ላይ ወጥቶ በቱርቦ ይሠራል። ኒሳን ሬሾው እየነዳችሁ ከ8 እስከ 14 የሚቀያየር ሞተርም አለው፤ ቡስት ሲበዛ ወደ 8 ይወርዳል፣ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ወደ 14 ይወጣል። እኛ ግን አንድ ቁጥር መርጠን መኖር አለብን።

5. መነሻ ቁጥራችሁን ምረጡ

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምነሳበት ነው፦ ሮን 95፣ በማኒፎልድ የሚረጭ፣ ደህና ኢንተርኩለር ያለው፣ በየቀኑ የሚነዳ መኪና። የቡስቱ ቁጥር በባህር ጠለል ነው።

- ቡስት እስከ 0.5 ባር፦ ከ9.5 እስከ 10
- ከ0.6 እስከ 1 ባር፦ 9 አካባቢ
- ከ1.1 እስከ 1.5 ባር፦ 8.5 አካባቢ
- ኢንተርኩለር የሌለው፦ ከ8 እስከ 8.5፤ ቡስቱም ከ0.4 አይለፍ

ከዚያ አስተካክሉት። ነዳጁ 91 ከሆነ ግማሽ ነጥብ ቀንሱ። 98 ከሆነ ግማሽ መጨመር ትችላላችሁ። በቀጥታ የሚረጭ ከሆነ አንድ ጨምሩ። 85 በመቶ ኢታኖል ያለው ነዳጅ ሁልጊዜ የምታገኙ ከሆነ ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ሬሾ ከትልቅ ቡስት ጋር ይሄዳል፤ ነገር ግን በመጠን ከ30 በመቶ በላይ ተጨማሪ ነዳጅ ስለሚጠጣ ኢንጀክተሩና ፓምፑ መቻል አለባቸው።

መሃል ላይ ብትወላውሉስ? ሬሾ በአንድ ነጥብ ሲወርድ በዚህ አካባቢ የምታጡት ብቃት 3 በመቶ ገደማ ነው። ቡስት ከ0.5 ወደ 0.7 ሲወጣ ግን የሚገባው አየር 13 በመቶ ያህል ይጨምራል። ግባችሁ ትልቅ ጉልበት ከሆነ ወደ ታች አድሉ። ከተማ ውስጥ በዝቅተኛ ዙር የሚውል መኪና ከሆነ ወደ ላይ አድሉ፤ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ የሚነዳው ሬሾው ነውና።

6. ያላችሁን ሬሾ በእጃችሁ ለኩ

መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። ሞተሩ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ቴስታታው ተልጎ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የፒስተን ካርቶን ላይ «9 ለ 1» የሚለውን አምኜ ገጥሜአለሁ። ለካ ቁጥሩ የተሰላው ለሌላ ቴስታታ ነበር! የኔው ቴስታታ ጉድጓዱ ያነሰ ስለነበር ሬሾው ወደ 10 የተጠጋ ሆነ። ያወቅኩት ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ በኋላ ነው።

*ቴስታታው፦* ቫልቮቹና ካንዴላው እንደተገጠሙ ገልብጡት። ጠርዙን ግራሶ ቀቡና ፕላስቲኩን አስቀምጡ፤ ቀዳዳው ከፍ ባለው ጥግ በኩል ይሁን። ከቡሬቱ ፈሳሹን ቀስ እያላችሁ ሙሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፕላስቲኩ ሥር ነጭ ክብ ነገር ካያችሁ አየር ነው፤ ቴስታታውን በትንሹ አዘንብሉት፣ አረፋው ወደ ቀዳዳው ተንከባሎ ይወጣል። የ2 ሲሲ አረፋ ብትተዉ ሬሾው በ0.3 ይሳሳታል።

*ፒስተኑ፦* ፒስተኑን ከብሎኩ ፊት በዳያል ጌጅ ልክ 10 ሚሊ ሜትር አውርዱት። ዙሪያውን በግራሶ አሽጉና ትርፉን ጥረጉ። በፕላስቲኩ ሸፍኑና ሙሉ። ከሞላው ፈሳሽ የቀጥታውን ሲሊንደር ይዘት ስትቀንሱ የቀረው የፒስተኑ ጎድጓድ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከመጣ ፒስተኑ ጉብታ አለው፤ ስለዚህ ከድምሩ ይቀነሳል።

*ከፍታው፦* ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ስንት እንደሚቀረው በዳያል ጌጅ እዩ። ጌጁን በፒስተኑ ፒን መስመር ላይ አድርጉ፤ ጎን ላይ ከሆነ ፒስተኑ እየተወዛወዘ ያሳስታችኋል።

አራቱንም ሲሊንደር ለኩ። አንዱን ለክቶ ሌሎቹን መገመት ሰነፍነት ነው፤ የሚያንኳኳው ሁሌ ያልተለካው ነው።

7. አስሉ

ስሌቱ ይህ ነው፦ ሬሾ = (ፒስተኑ የሚጠርገው ይዘት + ጫፍ ላይ የሚቀረው ይዘት) ÷ ጫፍ ላይ የሚቀረው ይዘት።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻ እንሂድበት። የሲሊንደሩ ስፋት 86፣ ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ) 86 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 2 ሊትር ሞተር ነው። አንዱ ፒስተን የሚጠርገው 499.6 ሲሲ ነው።

- ቴስታታው፦ 46 ሲሲ
- ፒስተኑ፦ 10 ሚሊ ሜትር ወርዶ 60.1 ሲሲ ያዘ፤ የቀጥታው ሲሊንደር ይዘት 58.1 ነው፤ ስለዚህ ጎድጓዱ 2 ሲሲ
- ጓርኒሲዮን፦ ቀዳዳው 87፣ ከተጠበቀ በኋላ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር፤ 7.1 ሲሲ
- ፒስተኑ ጫፍ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል፤ 0.6 ሲሲ

ድምሩ 55.7። (499.6 + 55.7) ÷ 55.7 = 10 ገደማ። የምንፈልገው 0.8 ባር በ95 ቤንዚን ነው፤ ስለዚህ 9 እንፈልጋለን። 499.6ን ለ8 ስናካፍል 62.4 ሲሲ ይመጣል። ለ8 ያካፈልነው ከምንፈልገው ሬሾ አንድ ቀንሰን ነው። የጎደለን 6.7 ሲሲ ነው ማለት ነው።

8. ልዩነቱን ከየት እንደምታመጡ ወስኑ

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወፍራም ጓርኒሲዮን ይገዛል። ርካሽ ነው፣ ፒስተን ማውጣትም የለም። ግን ቁጥሩን እዩት። 6.7 ሲሲ ለማግኘት ጓርኒሲዮኑ 1.1 ሚሊ ሜትር መወፈር አለበት። ያኔ በፒስተኑ ጠርዝና በቴስታታው ጠፍጣፋ ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ከ1.3 ወደ 2.4 ይሄዳል።

ያ ክፍተት ቀልድ አይደለም። ፒስተኑ ሲወጣ ጠርዝ ላይ ያለውን ድብልቅ ጨምቆ ወደ መሃል ይረጨዋል፤ ድብልቁ ይታመሳል፣ እሳቱም ቶሎ ይዳረሳል። ጥግ ላይ የሚቀረውም ስስ ስለሆነ በብረቱ ይቀዘቅዛል። ጥሩው ክፍተት ከ0.9 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በምሳሌው ያለው 1.3 እጅግ ጥሩ ባይባልም ይሠራል። 2.4 ሲሆን ግን ጥቅሙ ጠፋ፤ ኖኪንግን ሸሽታችሁ ሬሾ ቀነሳችሁ፣ በሌላ በኩል ኖኪንግን ጠራችሁት።

ትክክለኛው መንገድ ጎድጓዳ ፒስተን ነው። በምሳሌው 9 ሲሲ ጎድጓድ ያለው ፒስተን ቢገባ ድምሩ 62.7፣ ሬሾው 9 ገደማ ይሆናል፤ ክፍተቱም አይነካም። ቡስቱ ከፋብሪካው ፒስተን አቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ፎርጅድ (በመቀጥቀጥ የተሠራ ጠንካራ) ፒስተን መግባቱ ስለማይቀር ሁለቱን በአንድ ወጪ ትጨርሳላችሁ።

ሦስተኛው መንገድ የቴስታታውን ጉድጓድ ማስፋት ነው። አንድ ሁለት ሲሲ ለማስተካከል ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዚያ በላይ ከቆፈራችሁ ከጀርባ የውሃ መስመር አለ። የሳሳ ግድግዳ ቡስት ሲመጣ ይሰነጠቃል። ስትጨርሱም ሹል ጠርዝ አትተዉ፤ ሹል ነገር ይግልና ከካንዴላው ቀድሞ ያቀጣጥላል።

9. ካምሻፍቱን አትርሱ

ካምሻፍት (ባጭሩ ካም) ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ዘግይቶ የሚዘጋ ካም ካላችሁ ጭመቃው የሚጀምረውም ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ከወረቀቱ ሬሾ ያነሰ ይሰማዋል። 8.5 ሬሾ ከእንዲህ ያለ ትልቅ ካም ጋር ቱርቦው እስኪነቃ የሞተ መኪና ነው። ካሙን ካልቀየራችሁ ይህን ደረጃ እለፉት።

10. ገጥማችሁ አረጋግጡ

የእርሳሱን ሽቦ ፒስተኑ ጠርዝ ላይ በግራሶ ለጥፉ፤ ጓርኒሲዮኑን አስገብታችሁ ቴስታታውን በልኩ አጥብቁ፤ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩ። ፈትታችሁ የተጨፈለቀውን ሽቦ በካሊፐር ለኩ። ያገኛችሁት ትክክለኛው ክፍተት ነው። ከ0.8 ካነሰ አትቀጥሉ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ስለሚለጠጥ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊመታ ይችላል። ለዚህ ፈተና አሮጌ ጓርኒሲዮን ተጠቀሙ፤ አዲሱን ለመጨረሻው አቆዩት።

ካንዴላውን አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነ (ሙቀት ቶሎ በሚያስወጣ) ቀይሩ፤ ክፍተቱንም ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጥብቡት፤ አለዚያ ቡስት ብልጭታውን ያጠፋዋል። የአየርና ነዳጅ ድብልቅ ማሳያ ሳይኖር፣ ኖኪንግ የሚሰማም ሳይኖር ሙሉ ቡስት አትስጡ። በዝቅተኛ ቡስት ጀምሩ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- *ሬሾን በቡስት ማባዛት።* «9 ሲባዛ 1.7፣ 15.3 ሆነ፤ ይህ አይቻልም» የሚል ሂሳብ ይዘዋወራል። የአየሩን ሙቀት፣ ነዳጁን፣ ካሙን አያውቅም። ሁለት ሞተሮችን በግምት ለማነጻጸር ካልሆነ አትመኑት።
- *በኮምፕሬሽን ጌጅ ሬሾን መገመት።* ጌጁ የሚነግራችሁ የሪንግና የቫልቭን ጤና ነው። ንባቡ በካሙ፣ በባትሪው ጉልበት፣ በቦታው ከፍታ ሁሉ ይለዋወጣል።
- *ለደህንነት ብሎ ወደ 7.5 መውረድ።* መኪናው ይደነዝዛል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀትም ይጨምራል።
- *ኖኪንግን በማዘግየት ብቻ ማጥፋት።* ብልጭታውን እያዘገያችሁ ከሄዳችሁ ድምፁ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ግን ወደ ጭስ ማውጫውና ወደ ቱርቦው ይዞራል። 6 ወይም 7 የክራንክ ዲግሪ ማዘግየት ካስፈለገ የመረጣችሁት ሬሾ ወይም ቡስት በዝቷል።

ከመጀመሪያው ሙሉ ቡስት በኋላ ሞተሩን አጥፉና ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ በአጉሊ መነጽር እዩ። ነጩ ሸክላ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ወይም የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ካለ፣ ጆሯችሁ ባይሰማውም ሞተሩ አንኳኩቷል። ያኔ ቡስቱን በ0.2 አውርዱ፣ የሚገባውን አየር ሙቀት ለኩ፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ ችግሩ ኢንተርኩለሩ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አሁንም ነጥቡ ካለ፣ ወደ 6ኛው ደረጃ ተመለሱና ነጥብ የታየበትን ሲሊንደር እንደገና ለኩ።